ስምህ ያለበት የቀን ዕቁብ

ይመርዬ፣ የልጆቼ አባት፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ አላህ ማረፊያህን ያስፋልህ። ከተለየኸን ስምንተኛው ክረምት ሊገባ ነው። የካርቱም አቧራ እንደምታውቀው ነው፤ ጠዋት ግቢውን ጠርጌ ሳልጨርስ ከኋላዬ እየመጣ ይተኛበታል። ዛሬ ጁምዓ ነው። ያሲን ከመስጊድ እንደተመለሰ ኳሱን ይዞ ወጥቷል። ሐያት ያንተን የስፌት መኪና በረንዳ ላይ አውጥታ ትሰፋለች። እኔ ደግሞ ይህን እየጻፍኩልህ፣ በየመሀሉ የጎረቤቶቼን ልጆች ከውሃው ማሰሮ አባርራለሁ። ተራው የኛ ቤት ነውና ግቢው በሙሉ የኔ ልጅ ሆኗል።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ግቢያችን ያው ሰባት በሩ ነው፤ ባለቤቱ ግድግዳውን አስለስኖ ኪራይ ጨመረብን። ሰፈራችን አል-ሳሃፋ ውስጥ ባለሦስት እግሩ ረክሻ በዝቶ እግረኛ መሄጃ አጥቷል። አንተ በሄድክ በዓመቱ መንግሥት ሰዓቱን በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፋው። እኔ ያን ጊዜ ቀኑ አልበቃ ብሎኝ ስንገበገብ ካለችኝ ላይ አንድ ሰዓት ወሰዱብኝ ብዬ ተናደድኩ። አልማዝ፣ ያችው የጎንደሯ ጎረቤታችን፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችብኝ። ፀሐይዋ እንደሆነች አልተነካችም አለችኝ። እኔ ግን ዛሬም ድረስ ያቺን ሰዓት አልማርኳቸውም።

የቀን ዕቁባችን እንዴት እንደተጀመረ ታስታውሳለህ? የግቢው ሴቶች ሁላችንም ሰው ቤት ነበር የምንሠራው፤ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ባሉት ትልልቅ ቪላዎች። የገንዘብ ዕቁብ ጀምረን ሁለት ጊዜ ፈረሰብን። ሁላችንም ያለን ነገር በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ብቻ ነበር፤ እሱም የአንዷ እሁድ፣ የሌላዋ ማክሰኞ እየሆነ አይገጥምም። አልማዝ እንግዲያው ያለንን እንጣል አለች። በየወሩ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣው የወጣላት ሴት ከእያንዳንዳችን አንድ አንድ የዕረፍት ቀን ትቀበላለች። በዚያ ቀን ሰጪዋ የባለዕጣዋን ልጆች ትይዛለች፣ ካስፈለገም በእሷ ፋንታ ሥራ ቦታዋ ትገባለች። ባለዕጣዋ ሐኪም ቤት ትሂድ፣ ትውለድ፣ ትተኛ፣ የራሷ ጉዳይ ነው። ዕጣው የሚቀመጠው ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ዳኛዋ አልማዝ ሆነች።

አንተ ደግሞ ጁምዓ ሱቄ ዝግ ነው፣ እኔም የምጥለው ቀን አለኝ ብለህ መጣህ። ሴቶቹ ምን ያህል እንደሳቁ! ወንድ ሆኖ ልጅ ሊይዝ ነው ተብሎ ወሬው ሦስት መንደር ተሻገረ። በመጀመሪያው ጁምዓህ የልጆቹን ትከሻ በሜትር ለክተህ፣ ከጀላቢያ ቁራጭ ለእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ሰደርያ ሰፋህላቸው። የአንድ ቤት ልጆች አንድ ዓይነት ጨርቅ ለበሱ፤ የማን ልጅ ከማን በር እንደወጣ ከሩቅ ለማወቅ ነው አልክ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልሳቀብህም። አንዳንዶቹ ባሎች ብቻ «ሞግዚቱ ይመር» ይሉህ ነበር፤ አንተም አቤት ትል ነበር። እኔ ያን ጊዜ በር ላይ ቆሜ እያየሁህ በውስጤ እንዴት እኮራብህ እንደነበር አልነገርኩህም። አሁን ነገርኩህ።

ወባው አንተን የወሰደ ጊዜ ለሁሉም ቀንህን ሰጥተህ ያንተ ዕጣ ገና ሳይወጣ ነበር። ከሐዘኑ በኋላ ዕጣ በሚወጣበት ቀን ስምህ ያለበትን ወረቀት ላወጣ እጄን ወደ ቆርቆሮው ስሰድ፣ አልማዝ ክዳኑን በመዳፏ ያዘችው።

«ይመር የሰጠውን ገና አልተቀበለም» አለች። «ይቀመጥ።»

ሌሎቹም ይቀመጥ አሉ። ለአንተ ቀን የሚጥል ሰው ሳይኖር ስምህ እዚያው ቀረ። ዙሩ አልቆ ሌላ ሲጀመር አልማዝ ካንዱ ዙር ወደ ሌላው ታሻግረው ጀመር።

ከዚያ ወንድምህ ሁሴን ከገዳሪፍ መጣ። አትቀየመው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ ያንተን አደራ ፈርቶ ነው። መጀመሪያ ሲመጣ ልጆቹን ሊያይ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ግን እኔ ከሥራ ወጥቼ ከዐስር ሶላት በኋላ የማታ ትምህርት ቤት እንደምሄድ ሰምቶ ነው የመጣው። ቀኑን ሰው ቤት፣ ማታውን ክፍል ውስጥ የምትውል ሴት፣ ልጅ የምታሳድገው መቼ ነው ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ልክ ነበር፤ እኔም ራሴን እጠይቀው ነበር። ያሲንን ልውሰደው፣ ከልጆቼ ጋር ያድጋል አለኝ። ያሲን ያን ጊዜ ገና ፊደል አልጀመረም፤ ሲተኛ ጣቱን የእህቱ ጠጉር ውስጥ ካላስገባ እንቅልፍ አይወስደውም ነበር። አንተ ታመህ ሳለህ ሁለቱን አንዱን ካንዱ እንዳትለዪ ብለኸኛል። ስለዚህ ለሁሴን ቀነ ቀጠሮ ሰጠሁት። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ካለፍኩ አንድ ክሊኒክ ረዳት ነርስ አድርጎ ሊያሠለጥነኝ ተስማምቷል፤ ደመወዙም ሰዓቱም የሰው ቤት አይደለም። ካለፍኩ ልጆቼ እኔው ጋር ይቀራሉ፤ ከወደቅሁ ያሲንን ውሰድ አልኩት። አፌ ላይ እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም።

ለምን ትምህርት እንደጀመርኩ አንተ አታውቅም። አንተ ከሄድክ በኋላ ያሲን አመመውና የመድኃኒት ጠርሙስ ሰጡኝ። ላዩ ላይ በዐረብኛ የተጻፈውን ማንበብ አልችልም። ወሎ እያለሁ ስድስተኛ ክፍል ደርሼ ነበር፤ እዚህ ግን ማይም ነኝ። ከበር ወደ በር ጠርሙሱን ይዤ የሚያነብ ሰው ስፈልግ ነው በዚያው ቆርጬ የተነሳሁት።

ቀኔ እንዲህ ነበር፤ ሱብሂ ሰግጄ ከሰል አቀጣጥላለሁ፣ ሻይ በወተት አፍልቼ ልጆቹን አበላለሁ፣ ሐያትን ትምህርት ቤት፣ ያሲንን ተረኛዋ ጎረቤት ጋር አድርሼ በሃፍላ አውቶቡስ ወደ ሪያድ እሮጣለሁ። እዚያ አጥባለሁ፣ እተኩሳለሁ፣ አበስላለሁ። ስተኩስ ትምህርቴን በቃሌ እላለሁ፤ አሠሪዬ ሐጃ ከጂን ጋር የማወራ መስሏት ለልጇ ነግራ ነበር አሉ። ቤት ስመለስ መምህሬ ሐያት ናት። እኔ ዕቃ ሳጥብ እሷ ዐረብኛውን ጮክ ብላ ታነባለች፤ እኔ ደግሞ በአማርኛዋ ስትሳሳት አርማታለሁ። ዐረብኛውን ስደግም ብዙ ጊዜ ተቆጥታኛለች። እንደ አንተ ነው የምትቆጣው፣ ቅንድቧን ብቻ ነው የምታነሳው። ያሲን በኋላ ትምህርት ሲጀምር ሁለቱን ቋንቋ ቀላቅሎ አንዱ ጠዋት «እማዬ፣ ዛሬ መድረሳ ማፊ» ብሎ ሊያታልለኝ ሞከረ፤ ትምህርት የለም ማለቱ ነው። ትምህርት ግን ነበረ፤ ጆሮውን ይዤ አደረስኩት።

ፈተናው ቀረበ። ከእሁድ እስከ ሐሙስ ጠዋት ጠዋት ነው ተባለ። ሐጃ አንድ ቀን ከቀረሽ ሌላ ሠራተኛ አስገባለሁ ብላኛለች። የኔ ዕጣ ደግሞ ወጥቶ አልቋል፤ ያሲን ኩፍኝ የያዘው ጊዜ በልቼዋለሁ። በቆርቆሮው ውስጥ የቀሩት የመርየም፣ የሌሎች ሁለት ሴቶችና ያንተ ስም ብቻ ነበሩ። አልማዝ የዚህ ወር ዕጣ ይሰጠኝ ብለሽ ለምኚ አለችኝ፤ በዕቁብ ወግ ይቻላል። የመርየም ሆድ ግን ገፍቷል፣ መውለጃዋ ደርሷል፣ እሷም ቀኑን ትፈልገዋለች። ከእርጉዝ አፍ ላይ ቀን አልነጥቅም ብዬ ሳልለምን ቀረሁ። ያን ሰሞን ያሲንን ባየሁት ቁጥር የገዳሪፍ መንገድ ነበር የሚታየኝ።

ዕጣው የሚወጣበት ቀን ግቢው መሀል ተሰበሰብን። አልማዝ ቆርቆሮውን ነቀነቀችና እጇን አስገብታ አንድ ወረቀት አወጣች። ለኔ ዘረጋችልኝ፣ ራስሽ አንብቢው አለችኝ። ስምህ ነበር። ቆሜ ቀረሁ። መርየም ሆዷን ይዛ ከሁሉም ቀድማ እልል አለች። እኔ ገና እንባዬን ሳልጠርግ አልማዝ ቆርቆሮውን ገልብጣ የቀሩትን ወረቀቶች የከሰሉ ፍም ላይ ደፋቻቸው። ይመርዬ፣ እሷ የዕጣ ወረቀት አቃጥላ አታውቅም፤ ለሚቀጥለው ወር ታስቀምጠዋለች እንጂ። ሁሉም ላይ ያንተ ስም ሳይጻፍ አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ። ጠይቄያት አላውቅም፤ አልጠይቃትምም።

በዚያ ሳምንት እያንዳንዷ ሴት በየዕረፍት ቀኗ በኔ ፋንታ ሪያድ ገባች። ቀናቸው እንዳይገጥም ሆኖ መበታተኑን ስናማርር ኖረን፣ ያን ጊዜ ግን ሳምንቱን እንደ ሰንሰለት አያያዘልኝ። እሁድ የአልማዝ ነበር። ሁዳዴ ይዛ ስለነበር ለሐጃ የስጋ ሙላሕ ወጥ ስትሠራ መቅመስ አልቻለችም፤ ያለ ጨው አቀረበችው። ሰኞ የገባችው ይህን ሰምታ ጨውን አበዛችው። ሐጃ እስከ ሐሙስ ድረስ በየቀኑ አዲስ ፊትና አዲስ ወጥ እያየች፣ በመጨረሻው ቀን ይህቺ ዘሃራ ስንት ናት አለች ይባላል። እኔን ግን አላባረረችኝም። መርየም መውጣት ስለማትችል ልጆቹን ያዘች። ያሲን በየቀኑ አንተ የሰፋህለትን ሰደርያ ልልበስ እያለ፣ ትከሻው ላይ እንኳ አልወጣ ብሎት፣ ራሱ ላይ ጠምጥሞት ዋለ አለችኝ።

እኔ ፈተና ክፍል ውስጥ ገብቼ ከልጆች ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ፈታኙ የአንዷ እናት መስዬው ውጪ ጠብቂ አለኝ። ተፈታኝ ነኝ አልኩት፣ በዐረብኛ፣ ሐያት እንዳስተማረችኝ ሳልንተባተብ።

ውጤቱ ሲወጣ ሐያት ናት ያነበበችልኝ፤ እኔ ማንበብ እየቻልኩ ዓይኔ እምቢ አለኝ። አልፌያለሁ። ሁሴን በቀጠሮው መጣ። ወረቀቱን አሳየሁት፤ ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ሁለቱን ልጆች ግራና ቀኝ አስቀምጦ ተነፈሰና «የወንድሜ ቤት አልፈረሰም» አለ። ለያሲን ሊገዛለት ያሰበውን የመንገድ ጫማ ለትምህርት ቤት ገዝቶለት ተመለሰ። ዛሬም በየኢዱ ይመጣል፤ ለሰው ሁሉ የወንድሜ ሚስት ሐኪም ናት ይላል። አላርመውም።

ሐኪም ባልሆንም ነጭ እለብሳለሁ፣ ይመርዬ። ጋውኔን የሰፋችው ሐያት ናት፣ ባንተ መኪና፤ ጠርዙን እንደ አንተ ሁለት ጊዜ አጥፋ። ክሊኒኩ ውስጥ የመድኃኒት ጠርሙስ ይዛ ግራ የገባት የአገሬ ሰው ስትመጣ ወደ እኔ ይልኳታል። አነብላታለሁ፤ ከዚያ መልሳ እስክትነግረኝ አልለቃትም። ባለፈው ሳምንት አንዷ ማንበብ የት ተማርሽ አለችኝ። ባሌ ቀን ሰጥቶኝ ነው አልኳት። ለማስረዳት ወረፋው ረጅም ነበር።

የመርየም ያኔ የተወለደው ልጅ ዛሬ ማሰሮዬን ሊሰብር የሚታገለኝ ነው። ስሙን ታውቃለህ? ይመር ነው። ውሃ ይወዳል፤ በዚህ እንኳ አንተን አይመስልም።

አሁን የጻፍኩልህበትን ዋና ምክንያት ልንገርህ። በዚህ ወር አዲስ ዙር ልንጀምር ተሰብስበን ነበር። ስምህን፣ ዕጣህ ከወጣ በኋላም፣ አልማዝ በየዙሩ መልሳ ስታስገባው ኖራለች። ሐያት ዘንድሮ ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች፤ ከእኔ ትበልጣለች በቁመት። ስብሰባው መሀል ተነሳችና አንድ ጉዳይ አለኝ አለች። ስትጨነቅ አማርኛዋ ይጠፋባታል፤ ያን ቀን ግን ቃል ሳትፈልግ ተናገረች።

«ያባቴ ስም ያለ ቀን አይቀመጥም» አለች። «ጁምዓውን እኔ እጥልለታለሁ።»

አልማዝ ቆርቆሮውን ከፍታ ስምህን አወጣች፤ ወረቀቱ አርጅቶ ስለነበር ሐያት በራሷ እጅ በአዲስ ወረቀት ጽፋ መለሰችው። ዛሬ የመጀመሪያው ጁምዓዋ ነው። ልጆቹን ከጠዋት ጀምሮ በሜትር ስትለካ አይቻታለሁ። አሁን በረንዳው ላይ የምትሰፋው ምን እንደሆነ ሄጄ ማየት አላስፈለገኝም፤ ትንሹ ይመር አንዱን ለብሶ እየሮጠ መጥቶ አሳየኝ።

እኔም ቃሌን እሰጥሃለሁ። አላህ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ በየወሩ ቆርቆሮው ሲነቀነቅ እሰማለሁ፤ ስምህ ውስጡ አለ። ዕጣህ የወጣ ቀን የቸገራት ሴት ትወስደዋለች፣ አንተም ትሰጣለህ፣ እንደ ድሮህ።

ሚስትህ ዘሃራ፣
ከአል-ሳሃፋ፣ ከበረንዳው