ከቃጫው በታች

ውድ ትንቢት፣

ይህን የምጽፍልሽ በአባትሽ ቤት፣ በአባትሽ መደብ ላይ፣ በአባትሽ ቃጫ ታስሬ ነው። ስልኬ አብሮኝ ከሞተር ወድቆ ነበር፤ እሱ ወጌሻ ስላልደረሰለት በሰላም ሞተ። እኔ ግን አማች ልሆን ነውና እንዲሁ አልተተውኩም።

እንደምታውቂው እሸት ቡና ጭኜ ወደ ማጠቢያው ስወርድ ጭቃው ጣለኝ፤ ቅልጥሜ ተሰበረ። ጓደኛዬ አሌክስ «ዲላ እንውሰደው፣ ሐኪም ይየው» ሲል የጨለለቅቱ ከተማ በሙሉ ሳቀበት። «የወጌሻ ልጅ አጭቶ ሐኪም ቤት? የዳቦ ቤት ልጅ ያገባ ሰው ዳቦ ከጎረቤት ይገዛል?» አሉት። አባትሽ ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ በእንሰት ቃጫ ጠፍንገው አሰሩኝ። አጥንት ይገጥማል የሚባለውን አስታራ የተባለ እንሰት ሥር፣ አሚቾውንም ቀቅለው አበሉኝ። እሳቸው ከቆረጡት ቀን በፊት እስሩን መፍታት ወጌሻውን በአደባባይ በጥፊ መምታት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ልትጠይቂኝ የመጣሽ እሑድ ጉልበቴ ላይ የቋጠረውን ደም አይተሽ ምን እንዳልሽኝ ትዝ ይልሻል? «አይዞህ፣ ሰውነት ቆጣቢ ነው። አጥንት ሲሰበር የፈሰሰውን ደም ይፈታውና ውስጡ ያለውን ብረት ለቅሞ ለአዲስ ደም ያውለዋል። ቀለሙ ሲቀያየር ታያለህ፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ መጨረሻ ላይ ዝገት የመሰለ።» እኔም «ብረቱ ከተረፈ ለጎጇችን ቆርቆሮ እናድርገው» አልኩሽ። ሳቅሽ፤ ወደ ጤና ትምህርትሽ ዲላ ተመለስሽ።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ቀለሜን መመልከት ሆነ። ከቃጫው በላይ ሁሉም እንዳልሽው ነው። ጉልበቴ አረንጓዴ ሆነ፣ ቢጫ ሆነ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን እንዲህ ተራውን ጠብቆ ባልሠራ ነበር። ከቃጫው በታች ግን ቢሮው ተዘግቷል። ወይን ጠጅ የነበረው እግሬ ጠቁሯል። አረንጓዴ የለ፣ ቢጫ የለ። እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። አስቤ አስቤ ገባኝ፤ ብረቱን የሚለቅመውም በደም መንገድ ነው የሚመጣው። መንገዱ ከታሰረ ማን ይለቅማል?

ለአባትሽ ነገርኳቸው።

«ጋሼ፣ ጣቶቼ አልሰማ አሉኝ።»

«ጣት ጆሮ አለው እንዴ?»

«ጠቁረዋል እኮ!»

«መጥፎው ደም እየወጣ ነው። ልጄ ራሷ ቀለሙ ይቀያየራል ብላህ የለ?»

አየሽ፣ ትምህርትሽ ተነሥቶ መሰከረብኝ። ትንሽ እንዲያላሉልኝ ለመንኳቸው። ተቆጡ፤ ከዚያ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «እኔ ልጄን አምኜ ስሰጥህ፣ አንተ እግርህን አታምነኝም?» አሉኝ። ክፉ ቢሆኑ እሰድባቸው ነበር፤ ግን እየወደዱኝ ነው የሚያጠፉኝ። የቤተ ክርስቲያናችሁ ዘማሪዎችም መጥተው ስለ ትዕግሥቴ ዘመሩ። እኔ ከብርድ ልብሱ ሥር አሜን እያልኩ አውራ ጣቴን ቆነጠጥኩ። የሌላ ሰው ጣት ነበር።

ፈርቻለሁ ትንቢት። የምቀልደው ካቆምኩ ስለምጮህ ነው።

ዛሬ አባትሽ ለቀብር ወደ ገደብ ከተማ ሄደዋል፤ እናትሽ ገበያ ናቸው። አሌክስ ቢላዋ ይዞ መጥቷል። ሊደውልልሽ ሞክሮ ነበር፤ ስልክሽ ዝግ ነው፣ ፈተና ላይ ነሽ መሰለኝ። ይህን ወረቀት ቀድሞን ለሚወጣው ሚኒባስ ረዳት እንሰጠዋለን። ሲደርስሽ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቂኝ። አባትሽ ተከትለውኝ ይመጣሉ፤ ምናልባት ጋብቻው ፈርሷል ይላሉ። ያኔ ከማን ጎን እንደምትቆሚ አልጠይቅሽም። ቁጭ ብለሽ እግሬን እዪልኝ ብቻ።

አሌክስ «ደሙ ሲመለስ በሕመም ታብዳለህ፣ ይህን ንከስ» ብሎ ፎጣ አፌ ውስጥ ከተተ። ቃጫውን ዙር በዙር በጠሰው፤ ቀርከሃውም ወለሉ ላይ ተበተነ። ፎጣውን ተፍቼ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

እስካሁን ምንም የለም። ትንቢት፣ ባለሽበት ተንበርከኪና እንዲያመኝ ጸልዪልኝ።

ያንቺው ሲራክ