ጎንበስ ያለው መድረክ

ግንቦት 9፣ ከሰዓት በኋላ
ከጣቢያው ሻይ ክፍል

ለምወድህ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ሽንኩርትህስ እንዴት ይዞታል? እናታችን ደህና ናት፤ ጉልበቴን እያለች ደረጃውን ከእኔ ቀድማ ትወጣለች። እኔም መድረክ ጠባቂነቴን ይዤ አለሁ። ያ ሰው ባቡርህ ፊት ወድቆ፣ አንተም መንዳት ትተህ ገጠር ከገባህ ወዲህ የጣቢያውን ወሬ እንዳልጽፍልህ አስጠንቅቀኸኛል። ዛሬ ግን አፌን ብይዝ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

በር ገባልን። መድረኩ ጠርዝ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ የመስታወት ግድግዳ ቆመ፤ በሮቹ የሚከፈቱት ባቡሩ ገብቶ ልክ ፊታቸው ሲቆም ብቻ ነው። ከእንግዲህ ሐዲዱ ላይ ባርኔጣ እንኳ አይወድቅም።

ሥራው ሲጀመር ፎርማኑን፣ "ይሄን ሽማግሌ መድረክ ሙሽራ ልታደርጉት ነው?" ብዬው ነበር። ፎርማኑን ሚሊሜትር ነው የምንለው፤ ጥላውንም ሳይለካ አያልፍም።

"ሙሽራውስ ይሁን፤ ወገቡን ነው የፈራሁት" አለኝ።

የፈራው ደረሰ። ባዶ ጣቢያ ውስጥ ሲሞከሩ እንደ ውሃ የፈሰሱት በሮች፣ ሰው በገባ በመጀመሪያው ጠዋት ግግም አሉ። መድረኩ ባዶ ሲሆን ይከፈታሉ፤ በሰው ሲሞላ ነክሰው ይቀራሉ። ትኬት ቆራጯ "ዐይን በልቷቸዋል" ብላ ደመደመች። ሚሊሜትር ግን ወለሉ ላይ በደረቱ ተኝቶ ቆየና ራሱን ይዞ ተነሣ።

"መድረኩ ሰው ሲጫነው ይጎነብሳል! ለሰው የምንሠራውን ያለ ሰው ለካነው!"

መፍትሔው ምን ሆነ መሰለህ? ሰው። "እሑድ ኑና ቁሙልን" ብለን ሠፈሩን ለመንን። ለመቆም ብሎ ማን ይመጣል ስል ጣቢያው ጢም አለ። ዳቦ ጋጋሪው ዱቄቱን ሳያራግፍ፣ አራሷ ከነልጇ፣ ጡረተኛው ዳኛ ከነከዘራቸው።

"እኔ ለሁለት ሰው እበቃለሁ" አሉ ዳኛው፣ ሆዳቸውን መታ መታ አድርገው።

"እንግዲያው ሁለት ቦታ ይቁሙልን" አለቻቸው ትኬት ቆራጯ።

ሚሊሜትር መድረኩ ጠርዝ ላይ ከተከለው መብራት ማዶ ግድግዳው ላይ ቀይ የብርሃን ነጥብ አበራ። "አሁን ወደ ጠርዙ ኑና ዝም ብላችሁ ቁሙ።" ነጥቧ ወረደች። ከጥፍር ውፍረት አይበልጥም፤ እግራችን ምንም አልተሰማውም። ግን ወረደች፤ ያ ሁሉ ድንጋይና ብረት ለእኛ ጎንበስ ሲል በዐይናችን አየነው። አያቶቻችን ከመወለዳቸው በፊት ጀምሮ ለመጣ ለሄደው ሁሉ እንዲህ ዝቅ ሲል ኖሯል፤ አንዳችንም አላወቅንለትም። በጫማ መርገጤ አሳፈረኝ። ሠራተኞቹ እኛ እንደቆምን በሮቹን በዚያ ልክ አስተካከሉ።

ዛሬ ጠዋት፣ በዚያ ሁሉ ግፊያ፣ በሮቹ ባንድ ትንፋሽ ተከፈቱ። ሰው አጨበጨበ። ነጂው ያ ለፍላፊው ጓደኛህ ነበር። ወርዶ፣ "አየሽ፣ ስገባ ጠርዙ ላይ የሰው እግር አላየሁም" አለኝና ተመልሶ ባቡሩ ውስጥ ገባ። እሱ! ባንድ ዓረፍተ ነገር!

የነጂዎች አለቃም ስላንተ ጠየቀኝ። በሮቹ ፊት አስተካክሎ ማቆም ለሁሉም አዲስ ትምህርት ነው፤ ቦታህን እስከ ወሩ መጨረሻ ይዞልሃል፣ ከዚያ ለሌላ ይሰጣል። "ሽንኩርት እየተከለ ነው" ብቻ አልኩት። ና አልልህም።

አንተ ከሄድክ ጀምሮ ባቡር ሲገባ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር። ይሄ ነበር እንግዲህ መድረክ ጠባቂነቴ። ዛሬ መዳፌን መስታወቱ ላይ አድርጌ ጠበቅኩት። መጣ፤ መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፤ እጄን አላነሣሁም። ዐይኔም ክፍት ነበር።

ፈጣሪ ጉልበትህን ያጽናልህ፤ እንቅልፍህንም ይመልስልህ። እናታችን ዛሬ አንሶላህን አጥባ አልጋህን አነጠፈች። አቧራ እንዳይይዘው ነው ትላለች።

እህትህ