ስልክ ላይ የተነፋው ጡሩምባ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የድሮ ጎረቤታችን ጋሽ በቀለ ትናንት አረፉ። የፒያሳው ሰፈራችን ፈርሶ ሁላችንም በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነናል። ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ የሚያለቅሱት "ሰፈር የለኝ፣ ማን መጥቶ ይቀብርልኛል?" እያሉ ነበር።

የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ጋሽ ሙላት ዛሬ ማለዳ ይዘውኝ ወጡ። የድሮው ግቢያችን የነበረበት አስፋልት ዳር ቆመው ስልካቸውን አስያዙኝ።

"ለእድሩ ግሩፕ በጽሑፍ ብናሳውቅ አይበቃም?" አልኳቸው።

"ሰው ሞቶ በጽሑፍ? አንተን ንባብ አበላሸህ። ይልቅ ቅዳ!"

ነፉት። አንድ ብስክሌት ነጂ ደንግጦ ሊወድቅ ነበር። የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ጮክ ብለው ለፈፉና "በል ላከው" አሉኝ። አንዱ ወዲያው የአውራ ጣት ምልክት ቢመልስ "ማነው እሱ ሞቱን የወደደው?" ብለው ተቆጡ።

ስልክ ጉርብትናን ገደለ እያልኩ ስንት ዓመት ለፍፌ፣ ከሰዓት የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በሰፈራችን ሰው ጢም ብሎ ሳየው እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። እትዬ አልማዝ እያንዳንዱን በስሙ እየጠሩ ያለቅሳሉ።

ከከተማው ዳር ድረስ የመጣውን የድሮ ጎረቤቴን "ግሩፑን አይተህ ነው?" አልኩት።

"ኧረ እኔ ምንም አላየሁም" አለኝ። "ጡሩምባ ሰምቼ ነው።"