ልጄ የወጣባቸው አራት ሰንሰለቶች

ጁላይ 3

እስክሪብቶውን የያዘችው ሩዌዳ ናት፤ የልጄ የኢግሻን ሚስት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። በነዚህ እጆች ጦር መርከብ ወለል ላይ ስንት ሄሊኮፕተር በሰንሰለት አስሬ ፈትቻለሁ... አንዱንም ባሕር አልወሰደብኝም። ምን ያስቅሻል? ጻፊው።

ዛሬ የኢግሻን መርከብ ከሲመንስታውን ወደብ ወጣች። እንደ ልማዴ ወደቡ ግንብ ላይ ቆሜ አራቱን አሮጌ ሰንሰለቶቼን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። ሄሊኮፕተር አሳሪዎች ከመነሳቱ በፊት የፈቱትን ሰንሰለት ለፓይለቱ የሚያሳዩት እንዲህ ነው። አራቱንም ሳያይ አይነሳም። ኢግሻን ከሄሊኮፕተሩ አጠገብ ቆሞ ራሱን ነቀነቀልኝ። ሰው ከባሕር በገመድ ጎትቶ የሚያወጣው እሱ ነው።

ትናንት፣ "አባባ፣ ጉልበትህ አልቋል፣ ዘንድሮ እንኳ ግንቡ ላይ መውጣቱ ይቅርብህ" ሲለኝ ነበር።

"አንተ ብቻ ተመለስና ታሰር።"

"እንዲህ ተብሎ የሚመረቅ ልጅ የት አለ?" ብሎ ሳቀ።

ጁላይ 9

ነፋስ። ስኑክ ዓሣው ጨው በዝቶበታል። ይሄንንም ጻፊ።

ጁላይ 14

ሁለት መኮንኖች መጡ። ገና ከደጅ ኮፍያቸውን አወለቁ... ገባኝ። ጀልባቸው የተገለበጠባቸውን ዓሣ አጥማጆች ሊያወጡ እነ ኢግሻን በማዕበል ተነስተው ሄሊኮፕተሩ ወደቀ። የፓይለቶቹ ሬሳ ተገኘ። የኢግሻን የለም።

"አላገኘነውም ማለት ሞቷል ማለት ነው?" አልኳቸው።

ጁላይ 22

ፍለጋው ቆመ። ኢማሙ ሬሳ በሌለበት የሚሰገደውን ሶላት እንስገድለት አሉ። እምቢ አልኩ። ሄሊኮፕተር ውጭ እያለ አሳሪ ሰንሰለቱን ይዞ ይጠብቃል እንጂ ቦታውን ጥሎ አይሄድም።

ሩዌዳ ግን፣ "አባባ፣ እኔስ? ሐዘን ልቀመጥ ወይስ ልጠብቀው?" አለችኝ።

እስክሪብቶውን አትጣይው። ይሄንንም ጻፊ።

ኦገስት 2

መርከቧ ገባች። አዛዡን መርከቧ ላይ ልውጣ ብዬ አልለመንኩም። እወጣለሁ አልኩት። መንገድ ለቀቀልኝ።

ሄሊኮፕተሩ የሚያርፍበት ወለል ባዶ ነው። የማሰሪያ ቀለበቶቹን በእግሬ ዳብሼ አገኘኋቸው። ተንበርክኬ አራቱን ሰንሰለቶቼን አንድ በአንድ አሰርኩ። ሌላኛው ጫፋቸው የሚያዝበት ነገር የለም... እርስ በርስ አገናኘኋቸው። አንዱ ወጣት አሳሪ ሊያግዘኝ ጎንበስ አለ።

"ተወው፣ ልጁ የኔ ነው" አልኩት።

እዚያው ትቻቸው ወረድኩ። ሩዌዳ ወደቡ በር ላይ ቆማ ባዶ እጄን አየች።

ለኢማሙ ዛሬ ይሰገድ አልኳቸው። ተሰገደ።

በቃ፣ እዚህ ላይ አቁሚ። እስቲ አንብቢልኝ... ከመጀመሪያው አይደለም። ኢግሻን ከሳቀበት ጀምሪ።