በሙሉ ድምፅ ያልጸደቀው ቃለ ጉባኤ

ሐሙስ፣ ጥር 23 ቀን

ለልጄ አባት፣

እንዴት ሰነበትክ? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ እዚያም ተከትሎህ ሄደ? እኔ ደህና ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በልጃችን ስልክ «ሰላም በይልኝ» ስንባባል ከርመን ዛሬ ዓይኔን በጨው አጥቤ የምጽፍልህ፣ ይህን ወሬ ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው። እሷ እንደሆነች አትነግርህም። ስለ ራሷ ማውራት አትወድም፤ ይህን ከእኔ ነው የወረሰችው። ሳቅ፣ ግድ የለም።

እንደምታውቀው አንተ በነበርክበት ትምህርት ክፍል የአንደኛ ዓመት ስታቲስቲክስ ታስተምራለች። ዘንድሮ መምህራኑ የኮሌጁ ጉባኤ ተወካያቸው አድርገው መርጠዋታል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ታዲያ ከመቶ ስምንት ተማሪ አርባ አንዱ ወደቀባት። ደነገጠች። ወረቀቱን ሁሉ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ዘርግታ እንደገና አረመችው፤ እኔ ሦስት ቀን በእግሬ ጣት ስሄድ ከረምኩ። ውጤቱ ያው ሆነ። «እማ፣ ሁለት ምዕራፍ አልገባቸውም። የእኔም ጥፋት አለበት፣ ሮጬባቸዋለሁ» አለችኝ። በእረፍቱ እንደገና አስተምሬ ልፈትናቸው ብላ ለዲኑ ጻፈች።

ዲኑን ታውቀዋለህ፤ ያኔ «ለስላሳው» ትሉት የነበረው ነው። አሁንም ለስላሳ ነው። የኮሌጁ የማለፍ መጠን ለቦርዱ ሊቀርብ ስለሆነ፣ ለሁሉም አሥራ አምስት ነጥብ ይጨመርና ይለቅ አለ። ለዚህ ጉባኤው ማጽደቅ አለበት። የኮርሱ መምህር ተቃውሞ በቃለ ጉባኤው ከሰፈረ ግን ውጤቱ አይነካም፤ ጉዳዩ ወደ ሴኔቱ የምዘና ኮሚቴ ይሄዳል። ካልሰፈረ እዚያው ያልቃል። ነገሩ ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ መስመሩን የምጽፈው ደግሞ እኔ፣ የጉባኤው ጸሐፊ ነኝ።

የኮሌጃችንን ልማድ አልረሳኸውም። ቃለ ጉባኤው የሚተየበው ከስብሰባው በፊት ባለው ቀን ነው፤ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የሚለው ሳይቀር። አባላቱ ሲገቡ ይፈርማሉ፣ ከዚያ ሻያቸውን እየጠጡ ይወያያሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ስሠራ አስቀድሜ የጻፍኩት ውሳኔ ተሳስቶ አያውቅም፣ ከአንድ ቀን በቀር። ሦስት ተማሪዎች ሳይፈተኑ ሲያልፉ አንተ ብቻህን ቆመህ የተቃወምክ ቀን። ወረቀቴ «በሙሉ ድምፅ» ይል ነበር። «አስተካክይው» ስትለኝ «ተፈርሞበታል» አልኩህ። በኋላ «መቼ ተቃወምክ?» ሲሉህ የምታሳያቸው ነገር አልነበረህም። በዓመቱ ሥራውንም እኔንም ትተህ ሄድክ። አልፈረድኩብህም።

አሁንም ዲኑ ረቂቁን ሲሰጠኝ ተየብኩት። ልጄ እንደምትቃወም እያወቅሁ ተየብኩት፤ እጄ ለምዷላ።

በማግስቱ ከአሥራ አንዱ አባላት አሥሩ ፈርመው ተቀመጡ። እሷ ተራዋ ሲደርስ እስክሪብቶውን መልሳ አስቀመጠችው።

«ስብሰባው ሲያልቅ እፈርማለሁ» አለች።

«ልማዳችን እኮ ነው፣ ልጄ» አላት ዲኑ ሳቅ ብሎ።

«ገና ያልተባለ ነገር ላይ እንዴት ልፈርም?»

ተራዋን ጠብቃ ተነሣች። «አሥራ አምስቱን ነጥብ ስሰጣቸው ሁለቱን ምዕራፍ አብሬ አልሰጣቸውም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያው ምዕራፍ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። እቃወማለሁ። ተቃውሞዬ ይመዝገብልኝ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። አነጋገርዋ፣ አቋቋምዋ፣ ያ ግንባር መቋጠርዋ ሁሉ አንተን ነው።

ዲኑ ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ ወረቀቱ ተፈርሞ የለም? አንድ ድምፅ ለውጥ አያመጣም፤ እንዳለ ይሂድ።»

ልጅህ ወደ እኔ አላየችም። ልብ በል፣ አንዴ እንኳ ቀና ብላ አላየችኝም። እናቴ ናት ብላ አልለመነችኝም። ወረቀቱን አነሣሁና አሥር ፊርማ እንዳረፈበት ለሁለት ቀደድኩት።

«አይሄድም፣ ዶክተር። እንደገና እጽፋለሁ። እስክጨርስ ማንም አይውጣ።»

እዚያው በእጄ ጻፍኩት፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እንደተቃወመና ለምን እንደተቃወመ። ሳዞረው እኒያ የፊዚክሱ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ «ከተጻፈስ አይቀር እኔንም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ጻፊኝ። ሃያ ዓመት የሚጠይቀኝ ሰው አጥቼ ነው» አሉ። ዘጠኝ ድጋፍ፣ ሁለት ተቃውሞ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

የምዘና ኮሚቴው ለእሷ ፈረደላት። ነጥብ አይጨመርም፣ ትምህርቱ ይደገም፣ እንደገና ይፈተኑ ተባለ። ይኸው በእረፍቱ ጠዋት ጠዋት ታስተምራለች። ትናንት በመስኮት አየኋት። አርባ አንዱም መጥተዋል፤ ካለፉትም ሰባት ያህሉ «ደህና አልገባንም» ብለው ተጨምረዋል። ወንበር ጠፍቶ ከጎረቤት ክፍል ያመጣሉ። ስንቱ እንደሚያልፍ ገና አላወቅንም። እሷ ቀስ ብላ ታስተምራለች፤ ጠመኔው ልብሷን ዱቄት አስመስሎታል።

እኔን ደግሞ ዲኑ ወደ መዝገብ ቤት አዛውሮኛል። በለስላሳ ደብዳቤ ነው ታዲያ፣ «ለልምድዎ የሚመጥን» ይላል። መጀመሪያ ያወጣሁት ያንተን ዓመት ፋይል ነው። በእኔ እጅ ተተይቦ፣ ተፈርሞበት አለ፤ አንተ ግን የለህበትም። ይቅርታ አድርግልኝ። ያኔ «ተፈርሞበታል» ያልኩህ ፈርቼ እንጂ ደንቡ ከልክሎኝ አልነበረም። ወረቀት ለመቅደድ ይህን ያህል ጊዜ እንደማይፈጅ ያወቅሁት አሁን ነው።

በስብሰባው የነበረ አባል፣ ዓመት ቢያልፍም፣ ቃለ ጉባኤ እንዲታረም መጠየቅ ይችላል። ቅጹን ሞልቼ አስቀምጫለሁ። በፖስታ እንዳልልክልህ ጠያቂው በአካል ቀርቦ ቃለ ጉባኤውን በጻፈችው ጸሐፊ ፊት መፈረም አለበት ይላል ደንቡ። እኔ ጡረታ የምወጣው ሰኔ መጨረሻ ነው። መዝገብ ቤቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይከፈታል። ስለዚሁ አንቀጽ ደውለህ ልጅህን እንዳትጠይቃት፤ ደንቡን በቃሏ ነው የምታውቀው፣ ደግሞም ሥራ በዝቶባታል።

ፈጣሪ ጤናህን ይስጥልኝ፣ መንገዱንም ያቅናልህ።

የልጅህ እናት