እናኑ ያልሮጠችበት ቅዳሜ

ሰኞ

ርእሰ መምህሩ አቶ ደምስ ዛሬም ቢሮ አስጠሩኝ። ጠዋቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ቆሜ ስላረፈድኩ ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል። የትምህርት ቤቶች ውድድር ቅዳሜ ነው። አምና ባዶ እጃችንን ስለተመለስን ዘንድሮ ጨንቋቸዋል።

"ጀማሪዎቹን ተያቸውና ለዋንጫ የሚሆኑትን ያዢ" አሉኝ።

ስንት ጊዜ እንዳስረዳኋቸው። የማሠለጥነው የትምህርት ቤታችን አትሌቲክስ ሦስት ደረጃ አለው። በጀማሪው የመጣ ሁሉ ይሮጣል፤ የሚባረር የለም፣ ሰዓትም አይያዝም። በመካከለኛው ልምምድ ይለመዳል፣ ሰውነት ቀስ እያለ ይጠነክራል። ዋንጫ የሚታሰበው በውድድር ቡድኑ ብቻ ነው። ሰምተው ሲያበቁ ይህን ፍልስፍናሽን ለበላዮቼ ንገሪልኝ አሉና ፈገግ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። እሳቸውንም ከላይ ይጨቀጭቋቸዋል።

ልወጣ ስል ስለ እናኑ ጠየቁኝ። እናኑ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከድብ ባሕር ገጠር መጥታ ማራኪ ሰፈር ከታላቅ እህቷ ጋር ቤት ተከራይታ ትኖራለች። ያለችው መካከለኛው ላይ ነው። ቅዳሜ ከውድድር ቡድኑ ጋር ትሰለፍ ይላሉ። እስኪ ልያት ብዬ ወጣሁ።

ማክሰኞ

ልምምድ። ነፋሱ አቧራውን ዓይናችን ውስጥ ሲሞጅረው ዋለ። እናኑ ሁሉንም ጥላቸው ሄደች። ሸጋ አሯሯጥ አላት፤ ትከሻዋ አይነቃነቅም። መታጠፊያው ላይ ግን ግራ እግሯን ሰረቅ ታደርጋለች። ጠርቼ ቅልጥሟን ጫን ሳደርገው ከንፈሯን ነከሰች።

መቼ ጀመረሽ? ዝም። የጫማዋን ክር እያጠበቀች ነገረችኝ። ከእኔ ልምምድ ሌላ ጠዋት ጠዋት ብቻዋን አስፋልት ላይ ትሮጣለች፤ ቶሎ ወደ ውድድር ቡድኑ እንዳሳድጋት ብላ። ልቆጣት ፈለግሁ፣ አቅም አጣሁ። ደረጃውን ቀስ ብላችሁ ውጡ እያልኩ የምጮኸው ለካ ለነፋሱ ነው።

እራትም አላሰኘኝ።

ረቡዕ

ክፍለ ጊዜዬን ለባልደረባ ሰጥቼ እናኑን ሆስፒታል ወሰድኳት። ወረፋ፣ ራጅ፣ እንደገና ወረፋ። ሐኪሙ አጥንቷ መሰንጠቅ ጀምሯል አለ። ካረፈች ይድናል፤ ከሮጠችበት ግን ሊሰበር ይችላል፣ ያኔ ዳግመኛ መሮጧን እንጃ። እሷ ግድግዳ ግድግዳውን ስታይ ሰማችው። ታክሲ ውስጥ ለአባቴ አይንገሩብኝ አለችኝ። እቤቷ በር ድረስ አደረስኳት።

ለአቶ ደምስ ነገርኳቸው። የሐኪሙን ወረቀት ተቀብለው አዩት። ከዚያ ለአንድ ቀን ብቻ የሚያስታግስ መርፌ የለም ወይ አሉኝ። አለ፤ ሕመሙን ያጠፋል እንጂ አጥንቱን አይጠግንም አልኩ። አስቢበት አሉኝ። ደወል ተደወለ፣ ወደ ክፍል ገባሁ። ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

ሐሙስ

የእናኑ አባት አያ ሙላት መጡ። አንዳንዴ የሚዘጋው የድብ ባሕር መንገድ ክፍት ስለነበር በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍረው ነው። ለካ አቶ ደምስ ባለፈው ሳምንት ደውለውላቸው ኖሯል። ቅዳሜ ልጅ የሚመርጡ የክለብ ሰዎች ይመጣሉ፣ እናኑ ካሸነፈች ይወስዷታል ብለዋቸዋል። ሰውዬው ያንን ይዘው ሲያልሙ ሰንብተዋል። ባትታመም ኖሮ እኔም አልም ነበር።

ሐኪሙ ያለውን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

"ምነው እቴ፣ አንድ ቀን ብትችለው? እኛስ ስንቱን ችለን አይደል የምናርስ።"

"አያ ሙላት፣ አጥንቷ ከተሰበረ ክለቡም የለም፣ ሩጫውም የለም። አላሰልፋትም።"

"እኔ አባቷ ፈቅጄስ?"

"ቢፈቅዱም።"

 ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው ደህና ዋይ እንኳ ሳይሉኝ ወጡ። እናኑ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ሳታየኝ ተከትላቸው ሄደች።

ዓርብ

የተሰላፊዎቹን ስም ሰጠሁ። የእናኑ የለበትም። አቶ ደምስ አንብበው ቀስ ብለው አስቀመጡት። ከሰኞ ጀምሮ የውድድር ቡድኑን ሌላ መምህር ይይዘዋል አሉኝ። ሳይቆጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

እዚያ አልተከራከርኩም። የማራኪ ሚኒባስ ስጠብቅ ነው ሆድ የባሰኝ። ለምን እንዲህ እደክማለሁ? እህቴ ሳንጃ ከተማ ሰሊጥ ትነግዳለች፤ ተይውና ነይ ካለችኝ ቆየ። ዛሬ ልሄድ አማረኝ።

ደግ ነገር፦ ከጀማሪዎቹ አንዷ፣ አስም ያለባት፣ ሳታቋርጥ ሜዳውን ዞረች። ማንም አላያትም። እኔ አጨበጨብኩ።

ቅዳሜ

በእናኑ ፋንታ የተሰለፈችው ልጅ ከኋላ ከሚቆጠሩት ጋር ገባች። ጨርሳ በመግባቷ ግን እያለቀሰች ትስቃለች። ዋንጫ የለም። የክለብ ሰዎቹ መጥተው ነበር፤ የሌላ ትምህርት ቤት ልጆች አነጋግረው ሄዱ። እናኑንም አባቷንም በዓይኔ ፈለግሁ፣ የሉም።

አቶ ደምስ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ይወቅሱኛል ብዬ ጠበቅሁ።

"የእናኑ እግር እንዴት ሆነ?" አሉ።

አላውቅም አልኩ። እውነቴን ነው። ሕዝቡ እስኪበተን አብረን ተቀመጥን።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ጋደም እንዳልኩ ስልክ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። አያ ሙላት ናቸው። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ተነስቼ ተቀመጥኩ። እንዴት አደርሽ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ፣ ሰላም ናችሁ ወይ፤ ሰላምታው ረዘመ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እቴ፣ እናኑ ውኃ ትቅዳ ወይስ አትቅዳ? ከእህቷ ጋር በተራ ነው የሚቀዱት።"

 አትቅዳ፣ ከባድ ነገር አትሸከም አልኳቸው። ዳገቱንስ? ቀስ ብላ ትውጣው። እስከ መቼ? ሐኪሙ ደግሞ እስኪያያት።

"እሽ። ለእህቷ እነግራለሁ።"

ስለ ክለቡ አንድ ቃል አላነሱም። ይቅር አሉኝ ማለት ይሁን አይሁን አላውቅም። እናኑ ራሷ እስካሁን አላናገረችኝም፤ ነገ ክፍል ውስጥ ፊቷን አያለሁ።

ከሰዓት በኋላ የውድድር ቡድኑን ለሚረከበው መምህር የእያንዳንዱን ልጅ ጠባይና ጉዳት ደውዬ ነገርኩት። ጀማሪዎቹን ይፈልግ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሳቀ። እንግዲያው እነሱ የእኔው ናቸው።

እግሬን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው ይህን የምጽፈው። ትንሽ ቀለል ብሎኛል።