ከተራራው ወዲህ ያለው ቤት

ይድረስ ለበኩር ልጄ። እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ሲበርድ የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽ ተሻለው? ባልሽስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ወገቤን ካልጠየቅሽው ምንም አልሆንኩም። ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት መሆኑን ታውቂዋለሽ። ተከራያችን አስተማሪው «እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፍልዎ» ብሎኝ ነበር፤ ለልጄ የምጽፈውን ሰው አይጽፍልኝም አልኩት። አራት ቀን ፈጀብኝ።

የላክሽው ካርታ ደርሶኛል። እናትሽን ከቀበርን ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ ቃል ሳትልኪ ቆይተሽ፣ ከካርታው ጋር «አባዬ፣ የማይሆን ነገር ካለበት ንገረኝ» የምትል አንዲት መስመር አገኘሁ። አንዲትም ብትሆን ደስ ብሎኛል።

ነገሩ ቶሎ አልገባኝም። አስተማሪው ማስታወሻሽን እያነበበ፣ ለተረት መጽሐፍሽ የፈጠርሻት ምድር የእኛን እንደምታህል፣ ግን ተገላቢጦሽ እንደምትዞር አስረዳኝ። ስለዚህ ነፋሱ ሁሉ አቅጣጫውን ይቀይራል፤ በእኛ ምድር በረሃ በሚሆንበት በኩል እዚያ ደን ይበቅላል አለኝ። እኔም ምድርን ወደ ኋላ የምታዞር ልጅ ከእኔ ሌላ ከማን ትወለዳለች አልኩት። ሳቀብኝ።

ግን ልጄ፣ እኔ አርባ ዓመት የጣሪያ ቆርቆሮ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ። የነፋስን ነገር ከመጽሐፍ ባልማር ከቆርቆሮ ተምሬዋለሁ። ዝናብ ይዞ የሚመጣው ነፋስ የሚመታው ጎን ቀድሞ ይዝጋል፤ አሸንዳውም በዚያ በኩል ሰፋ ማለት አለበት። ተራራም እንደ ጣሪያ ነው፤ ነፋሱ በመጣበት በኩል ይረጥባል፣ ከጀርባው ይደርቃል። ካርታሽን በጣቴ እየተከተልኩ አንድ በአንድ አየሁት። ሰባት ተራራ አቁመሻል። ነፋሱን በቀስት አሳይተሽ፣ እርጥቡን አረንጓዴ፣ ደረቁን ቢጫ ቀብተሻል። ስድስቱ ልክ ናቸው። ኮራሁብሽ፤ እውነቱን ለመናገር አስተማሪው ላይ ጉራዬን ነዛሁበት።

ሰባተኛውን ነፋሱ ከባሕር ተነስቶ ፊት ለፊት ይመታዋል። ከተራራው ወዲህ፣ በባሕሩ በኩል ያለችውን አንዲት ቤት ግን ቢጫ ውስጥ አስቀምጠሻታል። አስተማሪው «እዚህ ጋ ተሳስታለች፣ ይቺ ቤት በዝናብ መበስበስ ነበረባት» አለ። እኔ ካርታውን ወደ ዓይኔ አቀረብኩት። ሁለት መስኮት፣ በስተግራ የተቀጠለች ክፍል፣ ከበሩ ፊት የልብስ ማስጫ ገመድ። ቤታችን መሆኑ ይጠፋኛል እንዴ? ደጃፉ ላይ የተቀመጠችውም ሴት ማን እንደሆነች አልጠፋኝም።

አልተሳሳትሽም። ስድስቱን ያወቀ ሰው ሰባተኛውን አይስትም። እናትሽ በምትተኛበት ክፍል ግድግዳ ላይ ሻጋታ እንዳይወጣ ብለሽ ነው ዝናቡን በግድ የከለከልሽው።

ሐኪሙ «ሳንባዋ እርጥበት አይችልም፣ ደረቅ አየር ወዳለበት ውሰዷት» ያለውን አንቺም ሰምተሻል። ለመንሽኝ። እኔ በእጄ የሠራሁትን ቤት ጥዬ በሰው ቤት አላረጅም አልኩ። ይህ ጣሪያ አንዲት ጠብታ አያሳልፍም፣ እኔ ነኝ የመታሁት ብዬ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። እርጥበቱ ከመሬት እየተነሳ መሆኑን የማላውቅ ይመስል። እርሷም እኔን ላለማስቀየም «ተሽሎኛል» ትለኝ ነበር፤ ጓዳ ገብታ ግን አፏን በጨርቅ አፍና ታስላለች። እሰማት ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በቀብሯ ዕለት «ግትርነትህ ነው የገደላት» ስትይኝ እንደዚያ የጮህኩብሽ፣ ውሸት ስለሆነ አልነበረም።

አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ የማይሆን ነገር አለበት። ነፋሱን አትንኪው፣ ተራራውንም አትንኪው፤ አንዱን ስትነካኪ ስድስቱም ይበላሹብሽና ምድሪቱ በሙሉ ውሸት ትሆናለች። ቤቱን አንሺው። ከተራራው ማዶ ሰፊ ቢጫ ቦታ አለ፤ በእርሳስ ምልክት አድርጌ ካርታውን መልሼልሻለሁ። ገመዱንም፣ እርሷንም ይዘሽ ተሻገሪ። ደጃፉ ላይ እኔን አልሳልሽኝም፤ እንደዚያው ቢቀር አልከፋም። ከሳልሽኝ ግን ጓዝ ተሸክሜ ይሁን።

አማቼን አክብሬ ሰላም ብያለሁ። ታላቁ የልጅ ልጄ ቁመቱ በር ደረሰ ወይ? መሐለኛዋን ግንባሯን ሳሚልኝ። ከቀብሩ ወዲህ ተወለደች ሲሉ የሰማኋትን፣ ስሟን ያልነገርሽኝን ትንሿንም ሳሚልኝ።

አባትሽ
ከአሮጌው ቤት፣ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን